የእናት ጣውንት

«ዛሬ ብረት የሚነካ እንዳይኖር» አለች አክስት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ግን ከልጅቷ ላይ ሳትነቅል። «ለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ይታዘበናል።»

ልጅቷ የሻይ ትሪውን ለጎረቤቶች አዞረች። በመስኮቱ በኩል፣ ግቢው ጥግ ላይ፣ የአባቷ ጋራዥ ይታያል። ሲጠግናት የነበረችው አሮጌ መኪና ኮፈኗ እንደተከፈተ ቆማለች።

«ባለመኪናውን ደውዬ ጠርቼዋለሁ» ቀጠለች አክስት። «አሁን መጎተቻ ይዞ ይመጣል። ወንድሜን የበላ ቆርቆሮ እዚህ ግቢ አያድርም። ያንን የተጀመረ ብረትም ይውሰድና የትም ያስጨርሰው።»

ልጅቷን ያንገበገባት ይሄ «የትም ያስጨርሰው» የሚለው ነው። አባቷ የጀመረውን ሥራ ሌላ እጅ ጨርሶት አያውቅም። የመኪናዋ ማኒፎልድ፣ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ለሞተሩ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ተሰንጥቆ ምትኩ ከገበያ ጠፋ። ሌላ መካኒክ ቢሆን «አይገኝም» ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ ግን የብረት ቱቦ ቆርጦና አጉብጦ፣ ወፍራም ላሜራ ላይ በይዶ፣ እንደ አዲስ ሊሠራው ተነሳ። የመጀመሪያው በሙቀት ተጣመመበትና ወረወረው። ሁለተኛውንም ወረወረው። ለሦስተኛው ልጅቷን አጠገቡ አቁሞ እኩል እኩል በየዱ።

እናት እራት ጋራዥ ድረስ ማመላለስ ሲሰለቻት መኪናዋን «ጣውንቴ» አለቻት።

«ጣውንቴ ደህና ዋለች?» ትለዋለች።

«ዛሬ ደግሞ አኩርፋለች» ይላል እሱ፣ ግሪስ በነካው እጁ ጉንጯን ሊነካ እየቃጣ። ከዚያ ይሳሳቃሉ።

በመጨረሻው ምሽት ግን አልሳቁም። እራቱ ሞቆ ቀዘቀዘ፤ እንደገና ሞቆ ቀዘቀዘ። እናት በሩ ላይ ቆማ «እንግዲያው እዚያው ከጣውንቴ ጋር እደር» አለችውና መብራቱን አጥፍታ ተኛች። በማግስቱ ልጅቷ ጋራዡ ስትገባ አባቷን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ግድግዳውን እንደተደገፈ፣ በድን ሆኖ አገኘችው። እንደተባለው እዚያው አድሯል።

ከዚያ ወዲህ እናት አላለቀሰችም። ለሚያጽናናት ሁሉ አንገቷን ነቅንቃ ሻሿን ታስተካክላለች። አክስት ለጎረቤት «ዓይነ ደረቅ» ስትል ልጅቷም ሰምታለች፣ እናትም ሰምታለች።

ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጋራዡ ሹልክ አለች። ማኒፎልዱ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ እንደታሰረ ነው። ሞተሩ ላይ በሚገጥመው ገጽ የብረት ማስመሪያ አጋድማ አየች፤ መሀሉ ላይ የብየዳው ጠርዝ አብጦ በግራና በቀኙ ብርሃን ያሾልካል። ብርሃን ካሾለከ አየርም ያሾልካል። ሞረድ አንስታ ቀስ ብላ ሞከረች። ሞረዱ ብየዳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ አክስት እንግዳ ስትቀበል ሰማች። ሞረዱን ይበልጥ ተጭና ገፋች።

በሩ ተከፈተ። እናት ናት።

«ሳሎን ድረስ ይሰማል» አለች።

«እማ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ይሄ እብጠት ካልወረደ መኪናዋ አትሠራም።»

«በምን ነው የሚወርደው?»

ልጅቷ ግራይንደሩን፣ የአባቷን የኤሌክትሪክ ብረት መፍጫ፣ አየች። እሱ ከተነሳ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እናት በርጩማውን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አስነሺው።»

«አክስቴስ?»

«የመኪናዋ ጣውንት እኔ ነኝ። የምሸኛትም እኔ ነኝ።»

ግራይንደሩ ጮኸ። ፍንጣሪው እናት እግር ሥር ረገፈ። ወዲያው በሩ ይደበደብ ጀመር፤ አክስት ምን እንደምትል ግን አይሰማም። ልጅቷ ፈጨች፣ ግራይንደሩን ሳታጠፋ በሌላ እጇ ማስመሪያውን አጋድማ አየች፣ ገና ነው። እንደገና ፈጨች። እንዳታበላሸው ክንዷን ጎኗ ላይ አጣበቀች። አሁን ማስመሪያው ከዳር እስከ ዳር ተኛ፤ የሚያሾልክ ብርሃን የለም። የአባቷ ሥራ አለቀ።

ልታጠፋ ቀና ስትል እናቷን አየች። እናት ጉልበቷ ላይ ተደፍታለች። አፏ ተከፍቷል፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፣ ድምጿን ግን ግራይንደሩ ውጦታል።

ልጅቷ ጣቷን ከማብሪያው አላነሳችም። ዲስኩን ከብረቱ አራቀችና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ባዶ አየር ላይ ይዛ ታስጮኸው ጀመር።