የኮርማው ልጆች

አላቢዋ ዶርቃ እጇን ሳትታጠብ ታልባለች አለችኝ እኅቴ ለተማርያም፣ እኔም ሊሆን ይችላል አልኳት፣ ሊሆን ይችላል፣ እንዴት ያለ ምቹ ቃል ነው፣ ስልኩን ዘጋሁት፣ አሁን አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ በልጄ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ እኅቴና ላሞቿ ያሉበት ቢሾፍቱ መሽቷል፣ አይ፣ ገና እየመሸ ነው፣ ዶርቃ የማታውን እያለበች ይሆናል፣ አልባ ስትጨርስ ለተማርያም ከሥራ ታሰናብታታለች። ጋሼም ብሏል ትላታለች፣ ጋሼ እኔ ነኝ። እኅቴ ዘንድ ጋሼ ካለ አለቀ።

ሦስት ላሞች ጡታቸው አብጧል፣ ወተታቸው እየተቋጠረ ይወጣል፣ ሦስቱም የአንድ ኮርማ ልጆች ናቸው፣ ኮርማውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የከብት አዳቃዩ ያቀረበላትን የኮርማ ዝርዝር በስልክ ልካልኝ፣ ዕድሜ ልክህን ባዮሎጂ ያስተማርክ አንተ ነህ፣ ምረጥልኝ ብላ፣ እኔም የሴት ልጆቹን የወተት ብዛት አይቼ ይኸኛው ነው አልኳት፣ ከሥሩ ስለ ጡት ጤና የተጻፈውን አላየሁትም፣ አይ፣ አይቼዋለሁ። ዝቅተኛ ነበር። አለፍኩት።

በእርግጥ በሽታው ራሱ አይወረስም፣ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፣ ተማሪዎቼንም እንዲሁ ነበር የማስረዳቸው፣ የዘሩ ድርሻ ትንሽ ነው ልጆች፣ የሚበዛው የበረቱ ጭቃ ነው፣ የአላቢው እጅ ነው፣ እውነት ነው፣ እውነቱን ግን ዛሬ መደበቂያ አደረግሁት፣ ምክንያቱም የዚህ ኮርማ ልጆች ያልሆኑት ነባሮቹ ሁለት ላሞች ደኅና ናቸው። በዚያው በረት። በዚያችው እጅ እየታለቡ።

አባዬ፣ ልጄ ሄራን ናት፣ በመስኮቱ፣ ሱቁ ውስጥ በርበሬው ጋ ላይን አለ፣ ረጅም ሰልፍ፣ ሶ ትንሽ ትጠብቀኛለህ፣ ኦኬ? አሁንም ስለ ላም ነው? ፊትህ ራሱ ላም መስሏል እኮ፣ ትስቃለች፣ ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ፣ እኔ ስልክ ልደውል ነው።

ይጠራል። ይጠራል። እኅቴ ባታነሳው እያልኩ ነው፣ እንዴት አያሳፍረኝም።

አቤት ጋሼ፣ ዶርቃ ነኝ፣ እትዬ ለተማርያም ላሞቹን እያዩ ነው፣ አልበሽ ስትጨርሺ እንነጋገራለን ብለውኛል፣ ለደግ ይሁን ለክፉ እንጃ፣ ምን ልበልልዎት?

ድምፅዋ እንዴት የልጅ ነው። እንግዲህ ዶርቃ፣ ላሞቹ የታመሙት ባንቺ እጅ አይመስለኝም፣ ጋሼ ኮርማውን ስመርጥ ተሳስቻለሁ ብሏል ብለሽ ንገሪያት፣ አይ፣ አይሆንም፣ ይህን አንቺ አትነግሪያትም። ጥሪልኝ። ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺም አትሂጂ፣ እዚያው አጠገቧ ቆመሽ ስሚ።