ፍራሹን ማን ያወጣልናል

ቢሮ ውስጥ «ማሽኗ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የስድስት ድርጅቶችን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ብቻዋን ይዛ በቀን አሥራ ስምንት ጊዜ ትለጥፋለች። ዓይኗን ስትገልጥ ስልኳ፣ ዓይኗን ስትከድን ስልኳ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። መጀመሪያ ላይ ቅጽል ስሙን ትወደው ነበር። አሁን ግን ሲጠሯት አቤት ለማለት እንኳ ጉልበት ያጥራታል።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነርስ ናት። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ አየት አደረገቻትና፣

«ፊትሽ አመድ መስሏል። ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ምን አመጣ?» አለቻት።

«ሰው ያያላ፣ እታለም። የፍራሽ ቤቱን ቪዲዮ ሰማንያ ሺህ ሰው አይቶታል።»

«ፍራሽ የገዛውስ?»

ጠይቃ አታውቅም።

«እኛ ጋ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የቱ ጋ ነው የሚያምህ እንለዋለን» አለች እህትየው የጫማዋን ክር እያሰረች። «መርፌ ይዘን ያገኘነውን ሁሉ አናባርርም።»

በዚያው ቀን አለቃዋ ወደ ፍራሽ ቤቱ ላካት። ባለቤቱ ውሉን ላቋርጥ ብለዋልና ሄዳ እንድታለዝባቸው ነው። ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ ረጅም ጠባብ ክፍል ነው። ፍራሾቹ ላስቲካቸውን እንደለበሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ መሃል ላይ አንድ የመሞከሪያ ፍራሽ ተዘርግቷል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት ሽማግሌ በትሕትና ተቀበሏት።

«ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ በቪዲዮሽ ይስቃሉ። እኔም ስቄያለሁ። ፍራሹ ግን ይኸው፣ እዚሁ ነው።»

ተዘጋጅታበት የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ጋሼ፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ የሚገባውን ሰው ልየው?» አለች።

«እንደ ቤትሽ።»

መሞከሪያው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጎኗን ለአንድ አፍታ ልታሳርፍ ብላ ጋደም አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም።

የነቃችው በሹክሹክታ ነው። ባልና ሚስት ራስጌዋ ቆመዋል። ባል ወገቡን በእጁ ይዟል።

«ቀስ በል፣ ልጅቷ ተኝታለች።»

«ታዲያ ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ማን ያወጣልናል? አንተ እንደሆነ ራስህም የምትወጣው በመከራ ነው።»

«ወገቤን ባይስማማውስ? ይመልሱልናል?»

«ተው፣ እሱን መጠየቅ ያሳፍራል። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

ወጡ። በሀፍረት ፊቷ እየጋለ ጫማዋን ፈልጋ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ቤት ድረስ ታደርሳላችሁ?»

«እንዴታ። ልጆቹ ደረጃውን ያወጡታል። ካልተስማማም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንቀይራለን። ሃያ ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«የገዛ ሰው ያውቃላ።»

«ያልገዛውስ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና ባልና ሚስቱ የወጡበትን በር አዩት።

ሁለት ቀን ጨምራ እዚያው ዋለች፤ የሰማችውን ሁሉ በወረቀት ጻፈች። ከሚገቡት አብዛኞቹ አርባን ያለፉ፣ ወገብ ወይም ጀርባ የሚያማቸው ናቸው። እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ስትደክም የኖረችው እናቱ በገዛችለት ፍራሽ ላይ ተኝቶ ስልክ ለሚያይ ጎረምሳ ነበር።

አለቃዋ ለፍራሽ ቤቱ ያወጣችውን ዕቅድ ሲያይ ቅንድቡን ሰበሰበ። «በሳምንት ሁለት ልጥፍ ብቻ? ሰው ይረሳናላ።»

«አሁንስ ማን አስታወሰን?» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟታል። «ምን እንለጥፍ እንላለን እንጂ ለማን፣ ለምን ብለን አናውቅም። አንድ ወር ስጠኝ።»

አዲሱ ቪዲዮ ሳቅም ዘፈንም የለውም። ሁለት ሠራተኞች ፍራሽ ተሸክመው እያለከለኩ ደረጃ ይወጣሉ፤ አንዱ ላቡን ጠርጎ «ካልተስማማችሁ ደውሉ፣ መጥተን እንቀይራለን» ይላል። በአካባቢው ላሉ፣ ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ እንዲደርስ አደረገችው። በመጀመሪያው ሳምንት አራት መቶ ሰው አየው። የድሮውን ዓይነት ቪዲዮ ለመመለስ እጇን ደጋግማ ዘርግታ ደጋግማ ሰበሰበችው።

በሦስተኛው ሳምንት የፍራሽ ቤቱ ስልክ መደወል ጀመረ። «እውነት ደረጃውን ታወጡልናላችሁ?» ይላል ሰው። በወር ሰባት ፍራሽ ይሸጥ የነበረው ቤት አሥራ ዘጠኝ ሸጠ። ሽማግሌው ውሉን አደሱ።

አለቃዋ ደስ ብሎት የአራት ደንበኞች ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ከመረ። «እነዚህንም እንደ ፍራሽ ቤቱ አስቢላቸው። እስከ ዓርብ።»

«እስከ ዓርብ አይሆንም። መጀመሪያ ሄጄ መቀመጥ አለብኝ። የዕለቱን ልጥፍም ሌላ ሰው ይያዝልኝ።»

ከፋይሎቹ ሁለቱን መልሶ አነሣና፣ «እሺ፣ ሁለቱን ውሰጂ። ልጥፉን ግማሹን ነው የማነሣልሽ» አላት።

ካሰበችው ያነሰ ነው፤ ለመከራከር ግን አቅም አልነበራትም። ድካሙም በአንድ ወር የሚለቅ ዓይነት አልሆነም። በማግስቱ በአውቶቡስ ከሁለቱ ደንበኞች አንዱ ወደሆነው የጥርስ ክሊኒክ ሄዳ ጉንጫቸውን ይዘው ተራ ከሚጠብቁት መሃል ተቀመጠች። ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ከጎኗ ወዳሉት ሴት ዞረች።

«ይቅርታ እናቴ፣ እዚህ ለመምጣት ሲያስቡ ምን ያህል ቆዩ?»

ሴትየዋ በአንድ ጉንጫቸው ብቻ ፈገግ አሉ። «ዓመት ከመንፈቅ።»

ጻፈችው።