የተበየደው ጭልፋ

ዳርላ ጭልፋውን በጨርቅ ታሻለች። ሆዱን ጨርሳ እጀታው ሥር ስትደርስ እጇ ቆመ። መጋጠሚያው ላይ ጥፍር የምታህል ግራጫ ብየዳ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታያት የኖረች ብየዳ ናት፤ ዛሬ ግን ገና ያየቻት መሰላት።

ኪሷ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ትናንት ከምትሠራበት የውሃ ምርመራ ክፍል ያመጣችው ነው። ከአያቷ ቤት በታች ካለው ምንጭ በተቀዳው ናሙና ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ተገኝቷል ይላል፤ ያውም ከሚፈቀደው እጥፍ።

"ምነው፣ ጭልፋውን ልታገቢው ነው እንዴ?" አለ አጎቷ ዴልበርት፣ በእንፋሎት ለሚጸለይበት የላብ ጎጆ ድንጋይ ከሚያግልበት እሳት ዳር ሆኖ። "ባል ቢሆን እስካሁን ሸሽቶሽ ነበር።"

"ዌይለን መቼ ነው የሚወርደው?"

"ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ። አንድ ሰዓት ቢቀረው ነው።"

ወንድሟ ዌይለን በወገኖቹ ሥርዓት ሊጸልይ ኮረብታው ላይ ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው፤ እህል የለ፣ ውሃ የለ፣ ብርድ ልብሱና ጸሎቱ ብቻ። ሲወርድ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ከምንጩ ቀድታ የምታጠጣው የቤቱ ትልቅ ሴት ናት፤ በዚሁ ጭልፋ። ሟች እናታቸውም ዴልበርትም እንዲሁ ጠጥተዋል። አራት ቀን የደረቀ ገላ የሰጡትን ሁሉ እንደሚመጥ ዳርላ ታውቃለች። የዌይለን ሕፃን ልጅም አለች፤ አያታቸው የቧንቧው ክሎሪን ይሸታል ስለሚሉ ወተቷ የሚበጠበጠው በምንጩ ውሃ ነው።

የናሙና አወሳሰዱ ደንብ ውሃውን ከጠርሙሱ በቀር ምንም አይንካው ይላል። ናሙናው በተወሰደበት ቀን ግን አያቷ አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ትልቅ ሴት ቆማ ደግሞ ታናሽ ከዚህ ምንጭ አትቀዳም። አያቷ በጭልፋው ቀዱና ውሃውን እንደያዙ ለአራቱ አቅጣጫ ጸለዩ። የእሳቸው ጸሎት አጭር አይደለም፤ የሞተ ፈረስ እንኳ በስሙ ይጠራበታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጠርሙሱ የገለበጡት። ዳርላ ለማስቆም አፈረች። ቅጹ ላይ "ናሙናውን የወሰደው" በሚለው ቦታ የራሷን ስም፣ "በምን" በሚለው ቦታ "በጠርሙሱ" ብላ ጻፈች።

እና መርዙ የምንጩ ነው ወይስ የጭልፋው? አታውቅም። የትኛው ቢሆን እንደሚሻልም እንዲሁ።

አያቷ ሴሌስቲን በከዘራቸው እየተደገፉ ቁልቁል መጡ።

"ኡንቺ" አለቻቸው፤ በወገኖቿ ቋንቋ አያቴ ማለቷ ነው። "ይህን ማን ነው የበየደው?"

"አያትሽ ነዋ! የመኪናውን ራዲያተር ሊበይድበት የገዛው እርሳስ ተርፎት። መኪናው ዝጎ አለቀ፣ ጭልፋው ግን ይኸው።" ሳቁ። ወዲያው ፊቷን አዩና ሳቃቸው ቆመ። "ምን ሆነሻል?"

ዳርላ ወረቀቱን አወጣች። "ውሃው ውስጥ እርሳስ አለ። ከብየዳው ይምጣ ከምንጩ አላውቅም። ቅጹ ላይም ዋሽቻለሁ፤ እኔ ቀዳሁት ብዬ።"

ዴልበርት ድንጋይ የሚያገላብጥበትን መንሽ መሬት ላይ ተከለ። አያቷ ወረቀቱን አላዩትም። ያዩት ምንጩን ነው።

"አርባ ዓመት ከእሱ ጠጥቻለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ኡንቺ።"

"ውሃውን 'ምኒ' ብለን ስንጠራው ሕይወታችንን ነው የምንጠራው። እሱን ነው መርዝ የምትዪኝ?"

እሳቱ ውስጥ አንድ ድንጋይ ተሰነጠቀ።

"ልጁ እኮ ሊወርድ ነው" አለ ዴልበርት። "ምን ልናጠጣው ነው? የኔን ኮካ?"

"ዝም በል አንተ!" አያቷ ከዘራቸውን ሁለቴ መሬት ላይ መቱ። "ዘመድ ሲታመም ምን ይደረጋል?"

"ይጠየቃል" አለች ዳርላ።

"ይጠየቃል፤ እስኪድን ግን ሥራ አይታዘዝም። ምንጩ ታሞ እንደሆነ ዛሬ ይረፍ። ሕፃኗም ከእንግዲህ የቧንቧውን ትጠጣ። አንተ፣ ሂድና ለዌይለን ቅዳ።"

"የቧንቧው እኮ ከሚዙሪ ወንዝ ነው የሚመጣው።"

"ሚዙሪስ ዘመዳችን አይደለም? አንተ በዚያ ጭስ በሚተፋ መኪና ስትመጣ አጎትነትህ ይቀራል?"

ዴልበርት እየሳቀ ሄደ። አያቷ ጭልፋውን ከዳርላ እጅ ወሰዱ። ብየዳዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ሻሻቸውን ፈትተው ጠቀለሉትና መለሱላት።

"ይህም ይመርመር። ሌላ ጠርሙስ ይዘሻል?"

"ይዣለሁ። ግን ጠርሙሱ ብቻ ነው..."

"ሰምቻለሁ። አምጪው።"

ዳርላ ክርናቸውን ደግፋ አንበረከከቻቸው። አያቷ ጠርሙሱን ራሳቸው ውሃው ውስጥ ነከሩት፣ ሞሉት፣ ክዳኑን አጠበቁት። የዛሬው ጸሎት ከክዳኑ በኋላ ሆነ፤ ርዝመቱ ግን አልተቀነሰም።

ዌይለን ሲወርድ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከአያቱ እጅ የፕላስቲክ ኩባያ ተቀበለ፤ ነዳጅ ማደያው ለዴልበርት በነፃ የሰጠው ነው። ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሰ፣ ጠጣ፣ ኩባያው ላይ የተሳለውን መኪና አየ፣ ደግሞ ጠጣ። 

ዳርላ አዲሱን ቅጽ ጉልበቷ ላይ አድርጋ የአያቷን ሙሉ ስም ጻፈች። ቀጥላ የአሮጌውን ቅጽ ቅጂ አወጣች። ሰኞ አለቃዋ ምን እንደሚሏት ታውቃለች። ስሟን ሰርዛ የአያቷን ተካች፤ "በጠርሙሱ" የሚለውንም ሰርዛ "በተበየደ ጭልፋ" ብላ ጻፈችና ፈረመችበት። ሁለቱን ቅጾች፣ ጠርሙሱንና በሻሽ የተጠቀለለውን ጭልፋ ናሙና ማመላለሻው ሣጥን ውስጥ አስገባች። ክዳኑን ተጭና ዘጋችና ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አኖረችው።