ያልበላ ምግብ

የዓሣ እጮቹን ገንዳ እያጠበች ሳለ የእህቷ ባል ባልዲ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርናቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ። ቀና ብላ አየችው።

"እታለም፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዛሬ ይመጣል ብለሽኝ አልነበር?"

"መጥቷል፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ምንድን ነው የያዝከው?"

ባልዲውን ወደ እሷ ዘንበል አደረገው። መዳፍ የሚያካክሉ ስድስት ሰባት ዓሦች ተጋድመዋል። የሚተነፍሱበት የስንጥባቸው ክዳን አጥሮ ቀዩ ውስጣቸው ተገልጦ ይታያል። የአንዳንዱ መንጋጋም ወደ ጎን ተጣሟል።

"ትናንት ሙቀቱ በረታና መተንፈስ አቃታቸው። ከሰዓት በኋላ እየተገለበጡ ይንሳፈፉ ጀመር። አንድ ቀን እንኳን ሳላበላቸው አላደርኩም እኮ!"

"አውቃለሁ" አለችው። እውነትም ታውቃለች። ታናሽ እህቷ በቀደም "ባሌ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል፣ እሷም ኩሬ ውስጥ ነው የምትኖረው" ብላ ስትስቅ ሰምታለች። ያቺ ሳቅ ከስንት ወር በኋላ እንደመጣችም ታውቃለች።

እጇን በሽርጧ አደራርቃ ተከተለችው።

በዚህ የዓሣ ጫጩት ማባዣ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ ከሽፋሽፍት የማይበልጥ ነገር ነው። አፉን በከፈተባቸው የመጀመሪያ ቀናት የሚበላው እንደ አቧራ የደቀቁ፣ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ሕያው ነፍሳትን ነው። የሥራው ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ምግቡ ራሱ አስቀድሞ መብላት አለበት። ነፍሳቱ ዘይትና ቫይታሚን በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ስድስት ሰዓት ካልቆዩ ሆዳቸው ባዶ ነው። እነሱን የዋጠ እጭ የጠገበ ይመስላል እንጂ ረብ ያለው ነገር አልቀመሰም። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ "ምግቡን ሳታበሉ ልጆቼን እንዳታበሉብኝ" የምትለው እሷ ነች። ልጅ ስላልወለደች ባልደረቦቿ "የእጮች እናት" ይሏታል፤ ለቀልድም ለፍቅርም ነው።

ቢሮው ውስጥ ሐኪሙ ጋዜጣ አንጥፎ አንዱን ዓሣ በጎኑ አስተኛው። ወጣት ነው፤ መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። በመቀስ ጫፍ የስንጥቡን ክዳን ገለጥ አደረገ። ሌላውን አነሳ። ሦስተኛውንም አየ።

"ይኼ የኩሬ በሽታ አይመስለኝም" አለ በመጨረሻ። "ከልጅነቱ የመጣ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነቃነቀ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ መጥፎ ወሬ ግን አይወድም። "ዶክተር፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል" አለ እየሳቀ። "ጫጩቶቹ ከዚህ ሲወጡ እኔው ራሴ አይቻቸዋለሁ። መስታወት ነበር የሚመስሉት!"

"ሲወጡማ ሊያምሩ ይችላሉ።"

"ታዲያ ዘራቸው ነው የተበላሸው?" አለ የእህቷ ባል።

"ዘራቸውስ ደህና ነው።" ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። "ጂን ማለት ትእዛዝ ነው በለው። አጥንቱን ሥራ፣ መንጋጋውን አቅና የሚል ትእዛዝ። ትእዛዙ እያንዳንዳቸው ውስጥ አለ። ግን እጩ አፉን በከፈተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበላው ምግብ ነው አንዱን ትእዛዝ የሚያስነሳው፣ ሌላውን ዝም የሚያሰኘው። ያ ምግብ ከጎደለ ትእዛዙ በሰዓቱ አይነሳም። አጥንቱ እንደ ምንም ተሠርቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ማር ብታበላውም ያው ነው።"

"ስንት ቀን ቢጎድል ነው?"

"ሦስት ቀንም ይበቃል።" ወደ እሷ ዞረ። "እነዚህ የተፈለፈሉበትን ዙር የመኖ መዝገብ ታመጪልኛለሽ?"

መዝገቡ እጮቹ ክፍል፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ወደኋላ እያገላበጠች ሄዳ ከስምንት ወር በፊት የተጻፈው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቀኖቹን አየቻቸው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

እነዚያን ሦስት ቀናት እህቷ ሆስፒታል ነበረች። ያለ ወሩ የተወለደው ሕፃን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ፣ እናቱ "እባክሽ አትሂጂብኝ" እያለች እጇን ይዛት ነበር። እሷ ግን ሥራ ነበረባት፤ በክፍሉ የሚተካት ሰው አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ትመጣለች፤ ገና ምንም ያልቀመሱትን ነፍሳት አጥልላ ገንዳው ውስጥ ትገለብጣለች፤ ጥቂት እጮችን በማጉያ መነጽር ታያለች። ሆዳቸው ድብልብል ብሏል። ጠግበዋል ብላ ራሷን አሳመነች። መዝገቡ ላይ "ምግቡ በልቷል?" በሚለው ዓምድ ሥር "በልቷል" ብላ ጻፈችና ወደ ሆስፒታል ሮጠች። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘይት ማን ያስባል? እጮቹ አደጉ፣ አማሩ፣ ተሸጡ። ነገሩን ረሳችው፤ ረሳችው ማለት እንኳን ያንሳል፣ እንዳልነበረ ቆጠረችው።

አሁን መዝገቡን ይዛ ወደ ቢሮው ተመለሰች።

ሐኪሙ ገጹን በጣቱ ተከትሎ አነበበ። "በልቷል፣ በልቷል፣ በልቷል" አለና ትከሻውን ሰበቀ። "በእውነት ግራ ገባኝ። መዝገቡ ይኼ ከሆነ፣ የኩሬው ውሃ ነው ብዬ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለኝም።"

"እንዴ፣ እኔስ ምን አልኩ?" አለ ሥራ አስኪያጁ። ወዲያው ድምፁ ለሰለሰ። "አይዞህ ወንድሜ። ውሃህ ሲስተካከል አዲስ ጫጩት በነፃ እሰጥሃለሁ።"

የእህቷ ባል ባልዲው ውስጥ እያየ ነበር። ብዙ አይናገርም፤ ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ዕለት እንኳን አንድ ቃል አልወጣውም። በማግስቱ አካፋ ይዞ ወደ ጓሮው ወረደና ሁለት ወር ሙሉ ቆፈረ። ኩሬው ያ ነው።

"አይ፣ ጫጩቱ ይቅርብኝ" አለ። "እደፍነዋለሁ። ልጁ ሲሞት ሐኪሞቹ የማንም ጥፋት አይደለም ብለውኝ ነበር። እኔ ግን እንጃ። እኔ የነካሁት ነገር አይጸድቅም። ውሃውም የእኔ፣ አፈሩም የእኔ።" ባልዲውን አነሳ። "እታለም፣ ለእህትሽ እኔው እነግራታለሁ። አንቺ አትጨነቂ።"

ይህን ሲል በቁጣ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ሰውዬው የተናገረው ግን ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ነው፤ አምኖበታል።

"ባልዲውን አስቀምጠው" አለችው።

"ምን?"

"አስቀምጠው። ዶክተር፣ መዝገቡ ውሸት ነው። ነፍሳቱ አልበሉም። ሦስቱንም ጠዋት ሳላበላቸው ነው የሰጠኋቸው።"

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። "አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? የምትይውን ታውቂዋለሽ? ይኼ ከተጻፈ ከዚያ ዙር የገዛ ሁሉ ነገ ደጄ ላይ ይሰለፋል። አንቺም ከነገ ጀምሮ ይቺን በር አትረግጪያትም!"

"ይገባኛል።"

"አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ቀን ተሳስተሽ የማታውቂ ሰው! ምን ነክቶሽ ነው? የት ሄደሽ ነበር?"

ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶውን አንስታ በመዝገቡ ላይ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያውን "በልቷል" ሰረዘችና ከላዩ "አልበላም" ብላ ጻፈች። ሁለተኛውን ሰረዘች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የእህቷ ባል ከኋላዋ ቀረብ ብሎ ቀኑን አነበበ። ያንን ቀን ከእሱ በላይ የሚያውቀው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

"እታለም" አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። "ይኼ ቀን እኮ..."

"ቀኑን ተወው" አለችው ፊቷን ሳታዞር። "ኩሬህን እንዳትደፍን። ውሃህ ምንም አልሆነም፤ እጅህም ምንም አልሆነም።"

የገጹ የመጨረሻ ዓምድ "ምክንያት" ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተሞልቶ አያውቅም። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ትንሽ ዘገየ። ሥራ አስኪያጁ እያያት ነው፣ ሐኪሙም እንዲሁ፤ ከኋላዋ ደግሞ የልጁ አባት ሲተነፍስ ይሰማታል።

"ስንፍና" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ፈረመች።