ያልተጠመቁት መሬት

ሶረካ ያን ጠዋት ወደ ባሕሩ ዳር የወረደችው ወንድሟን ልታወጣ ነው። እሷ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ወንድሟ ግን ከአንድ ቀን በላይ ሆኖት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የተነሣው ማዕበል መሬቱን ግማሹን ቆርሶ ወስዶታል። ቦታው ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት ነበር። የዚያን ዘመን ቄሶች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አናስገባም ስላሉ፣ አባት የሞተ ልጁን ጠቅልሎ ሲመሻሽ ብቻውን ይወርድና ቀብሮ ይመለስ ነበር። የት እንደቀበረው ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። ደንቡ ነው። ያወጣው ወንድ መሆኑ ያስታውቃል።

ለልጆች የሚነገረው ሌላ ነበር። ያን ሣር የረገጠ አቅጣጫ ይጠፋበታል፣ የገዛ ደጃፉን እያየ ሲዞር ይውላል፣ መድኃኒቱም ኮት ገልብጦ መልበስ ነው ይባላል። ሶረካም ይህን እያመነች አደገች። ተረቱ አጥር መሆኑ የገባት ዘግይታ ነው፤ ሕፃናቱ ላይ ማንም እንዳይሮጥባቸው የታጠረ አጥር።

እናቷ ግን በየዓመቱ የሞቱት በሚታሰቡበት በሙታን ቀን ማለዳ አንዲት ነጭ ጠጠር ይዛ ትወርድና አንድ ሹል ድንጋይ ስር ታስቀምጥ ነበር። “ኮልም፣ የኔ ጌታ፣” ትለዋለች፣ በድብቅ ባወጣችለት ስም። አሁን ባሕሩ የቀረውን ሳይወስድ አጥንቶቹ ይነሡ ተብሎ፣ ኦርላ የምትባል ቁፋሮ አዋቂ ከከተማ መጥታለች። የራሱን ለይቶ የሚያውቅ ወስዶ በቅጥሩ ውስጥ እንዲቀብር አዲሱ ቄስ ፈቅደዋል። ሶረካ የእናቷን መቃብር አስከፍታ ነው የመጣችው። ልጁን ከጎኗ ሳታስተኛ መሞት አትፈልግም።

ሹሉ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ጎረቤቷ ባርትሊ ቀድሟት ተቀምጧል።

“ምን ትሠራለህ እዚህ?”

“እህቴን እጠብቃለሁ።”

“እህትህን ሌላ ቦታ ጠብቃት። ይሄ የወንድሜ ነው።”

“ሶረካ፣ በጠዋቱ ነገር አትፈልጊኝ። እናቴ ስልሳ ዓመት የተመላለሰችው እዚህ ነው።”

“የኔስ?”

“ያንቺ እናት በምን አወቀች? አባትሽ ነገራት?”

የሶረካ አባት ስንት ዓሣ እንደያዘ እንኳ ሳይናገር የሞተ ሰው ነው።

“ያንተ አባትስ?” አለች።

“የኔማ ቀብሮ ሲጨርስ መጠጥ ቤት ገብቶ በሁለተኛው ቀን ነው የወጣው።” ባርትሊ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። “እናቴ በሙታን ቀን ማታ ጠጠሯን ይዛ ስትመጣ፣ ያለው በዝቶ ታገኘዋለች። መላእክት ይጨምሩላታል ትል ነበር።”

የሶረካ እናትም ያንኑ ትል ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዶሮ የተነሣ አሥራ አምስት ዓመት ተኳርፈው የኖሩ ናቸው። አንዷ በጠዋት፣ አንዷ በማታ እየመጡ፣ መገናኘት ቀርቶ መጠርጠርም አልሆነላቸውም። ሶረካ ነገሩ ተምታታባት። ከሁለቱ አንዷ ተሳስታለች፤ ግን የቷ?

“እማማ ሶረካ፣ ክርክሩ ይቆይና መጀመሪያ ልክፈተው፣” አለች ዕቃዋን ይዛ የደረሰችው ኦርላ። ድንጋዩን አንሥታ በትንሽ መጫሪያና በብሩሽ አፈሩን ታነሣ ጀመር። ብዙ ከቆየች በኋላ እጇ ቆመ።

“ይሄ ሕፃን አይደለም፣” አለች።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“የጭኑን አጥንት ይዩት። ትልቅ ሰው ነው፤ ወንድ። ይሄም የመርከበኛ ኮት ቁልፍ ነው። ባሕር የተፋውን ሰው፣ ሃይማኖቱ ካልታወቀ፣ እዚሁ ነበር የሚቀብሩት።”

ሶረካ ጎንበስ ብላ አየች። ከድንጋዩ ስር የተኛው ከባርትሊ ይረዝማል።

“እናቴ እሹሩሩ ስትለው ነበር፣” አለ ባርትሊ። “ጢሙ የወጣ መርከበኛ! እሹሩሩ!” ሳቅ ጀመረውና መሐል ላይ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። ሶረካም አብራው ሳቀች፤ መሳቋም አናደዳት።

“ታዲያ ኮልም የት ነው?” አለች።

ኦርላ መሬቱ ተገምሶ ወደ ወደቀበት ወገን አየች። ከታች ባሕሩ በወሰደው አፈር የድፍርስ ወንዝ መልክ ይዟል።

“ይሄንን ሰውዬ ምን ታደርጊዋለሽ?” አለ ባርትሊ ዓይኑን እየጠረገ።

“የሚጠይቀው ከሌለ ከተማ ይሄዳል። ዕቃ ቤት፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።”

“መደርደሪያ ላይ!” አለች ሶረካ። ተቆጣች፤ በማን እንደሆነ ግን ራሷም አላወቀችም። እናቷ ስልሳ ዓመት ያለቀሰችለት ሰው ነው። የወለደችው እናቱ ደግሞ የት እንደ ወደቀ ሳታውቅ፣ በር በሩን እያየች ሞታ ይሆናል። “የትም አይሄድም። የእናቴ መቃብር ተከፍቷል፣ እዚያ ይገባል።”

“የኔ እናትስ? እሷ አላለቀሰችለትም?”

“ሁለቱም ያው አንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። ዶሮዋን ትተው በሱ ይጣሉ።”

ባርትሊ ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ኦርላ መዝገቧን አወጣች።

“በማን ስም ልጻፈው?”

ኮልም የሚለው ስም ሶረካ ምላስ ላይ መጣ። መልሳ ዋጠችው። ስሙን ለዚህ ሰው ከሰጠች ለሕፃኑ ምን ይቀርለታል? ከስሙ ሌላ ያለው ነገር የለም።

“ስሙን ተዪው። የእናቱን ስም ጻፊ፣” አለች።

“እናቱን ማን ያውቃታል፣ እማማ?”

“ሁለት ናቸው፣” አለ ባርትሊ።

ሶረካ የእናቷን ስም ነገረቻት። ባርትሊም የእናቱን ነገራትና በትክክል መጻፉን ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ትንንሾቹ፣ ስለ ወንድሟና ስለ እህቱ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ሳያውቁ እዚያው ቆሙ።