ይቀላል

የሰደበችኝ ዋናዋ ነርስ ናት። ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ አሁን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሁለት ነርሶችና የራጅ ባለሙያው አጠገቧ ቆመዋል። ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው ሰውዬ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል አልኳት፤ ሌላ ምንም አልወጣኝም። ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንተ ስለ ወለሉ አስብ፤ ስለ ሰው የምናስብ እኛ አለን» አለችኝ። የራጅ ባለሙያው ሳቀ። ያንን ሳቅ ከሺህ ሳቅ መሃል እለየዋለሁ፤ በአፍንጫው ነው የሚስቀው። ከሦስት ቀን በኋላ የሰውዬውን ጉበት መድኃኒቱ ጎድቶታል ተብሎ ተቋረጠለት። መጥቶ «አንተ እኮ ብለህ ነበር» ያለኝ ግን የለም።

እኔ ቂም አልይዝም፤ አልረሳም እንጂ። ከዚያ ቀን በፊት በዕድሜ ስለምበልጣት «አንቺ እህቴ» ነበር የምላት። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» ሆነች። እሷ ያከበርኳት መስሏታል።

ሥራዬ የሳንባ ነቀርሳ ክፍልን ማጽዳት ነው። ክፍሉ አሥር አልጋ አለው። መስኮቶቹ በብርድም በዝናብም አይዘጉም፤ የታፈነ አየር በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ጭምብሌን አድርጌ፣ አክታ የሚተፋባቸውን ባለክዳን ዕቃዎች እሰበስባለሁ፣ ወለሉን በበረኪና እወለውላለሁ፣ በየአልጋው ሥር ያለውን የሽንት ዕቃ እደፋለሁ፣ ሽንት ቤቱን አጥባለሁ። ሰው ይህን ስነግረው ፊቱን ያዞራል። አያዙር፤ ነገሩ የተጀመረው ከዚያው ነው።

የሳንባውን መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሽንቱ መልኩን ይለውጣል። የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ የአንዳንዱማ ከዚያም ብሶ ቀይ ነው። ይህን ያስተማረኝ ሐኪም የለም፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩት ሰድር ነው ያስተማረኝ። የዘጠኙ አልጋ እንደዚያው ነው።

የአራት ቁጥሩ ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ቀይ ሆነና ከዚያ ወዲያ ውኃ መሰለ።

አራት ቁጥር ልብስ ሰፊ ነው። ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ሲያስለው እንኳ ቀልዱን የማያቋርጥ። ሁለት ካርድ አለው፤ አንዱ የሳንባው፣ አንዱ የኤች አይ ቪ። ሁለቱም የተገኙበት በአንድ ሳምንት ነው። የሁለተኛውን ስም በክፍላችን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። «ደም» የምትለዋ ቃል ራሷ ጆሮ ታቆማለች፤ አንዱ ስለ ደሙ ከጠየቀ ዘጠኙ አልጋ ይገባዋል። ስለዚህ ዋናዋ ነርስ ሁለት ካርድ ላላቸው የምትነግረውን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ በእጃቸው ታስጨብጣለች። አሳቢ ናት፤ ለእኔ ካልሆነ በቀር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሳንባው መድኃኒት ይጀመራል። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሞላው የኤች አይ ቪው ይጨመራል። ለተማሪዎች ስታስረዳ እየወለወልኩ ሰምቻታለሁ፦ ሳንባው ሳይረጋጋ ሁለተኛው መድኃኒት ከገባ፣ የተኛው የሰውነት ኃይል ድንገት ይነቃና ደረት ውስጥ እሳት ይነሳል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። የልብስ ሰፊው ሁለተኛ መድኃኒት ለሰኞ ተቀጥሯል። እኔ ይህን ሳሰላስል ዓርብ ነበር።

ለሰው ብናገር መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስለ ወለሉ አስብ። ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ሰው ኩላሊቱ ከሰው የተለየ ነው ወይስ መድኃኒቱን አይውጥም? አይውጥም እንዳይባል ደግሞ ዋናዋ ነርስ በየጠዋቱ ፊቱ ቆማ ታስውጠዋለች። ዓርብ ጠዋት መወልወያዬን ይዤ አራት ቁጥር ሥር ያልነበረ ቆሻሻ መፈለግ ጀመርኩ።

ሦስቱን ቀያይ ክኒኖች ወደ አፉ ጣለ፤ ውኃ ጠጣ።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ከፈተ።

«ምላስህን አንሳ።»

አነሳ። «ሲስተር፣ ጥርሴን ገና ቆጥረሽ አልጨረስሽም? ከትናንት አልጨመረም እኮ።»

ሳቀችና አለፈች። እኔም አፉን አይቻለሁ፤ ባዶ ነው። ቃሉም ጥርት ያለ ነው። ታዲያ ክኒኑ የት ገባ?

ቅዳሜ አንሶላ የሚቀየርበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል። የትራሱን ልብስ ሳወልቅ ጠርዙ ዓይኔን ያዘው። የትራሶቻችን የፋብሪካ ስፌት እንደ ሰካራም ይወላገዳል፤ ይህ ግን በእጅ የተሰፋ፣ ነጠብጣቡ እኩል እኩል፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የሄደ ነው። በጥፍሬ ፈታሁት። በውስጥ በኩል ጨርቁ ቀልቷል። የተጣበቁ፣ ቆዳቸው የረጠበ ክኒኖች፤ ቆጠርኳቸው፣ ሠላሳ ሦስት። የአሥራ አንድ ቀን። በሽንቱ ያጣሁት ቀለም ትራሱ ውስጥ ተኝቷል።

ወደ ግቢው ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ብቻውን ነው። ራቅ ብዬ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጌታው፣ ትራስህን ማን ነው የሰፋው?»

«ፋብሪካ።»

«ፋብሪካ እንዲህ አያምርለትም።»

ገልመጥ አደረገኝ። «ስፌት ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ትራስ አውቃለሁ።»

ሊክድ ነው ብዬ ስጠብቅ እጁን ወደ አፉ ሰደደ። «ሠላሳ ዓመት በአፌ ስፒል ይዤ ደንበኛ አዋርቻለሁ። እዚህ፣ በላይኛው ከንፈሬና በድዴ መሃል። አሥር ስፒል ይዤ በዋጋ ተከራክሬ አውቃለሁ፤ ክኒን ምን አላት?»

እውነቱን ልናገር፣ አደነቅኩት። «ግን ለምን?»

ወደ መስኮቶቹ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደሜ ነው። በሽታህ ደምህ ውስጥ ነው አሉኝ። ያንን ቀይ ክኒን በዋጥኩበት ቀን ደሜ በሽንቴ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። የቀረችኝን ላትርፍ ብዬ ነው።»

«አትጠይቅም ነበር?»

«በዘጠኝ ሰው መሃል ስለ ደሜ? ልጄ በዚያ መስኮት ቆማ ነው የምታወራኝ፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቋታል። ሰው ይጠቋቆምባት?»

«ሲስተር እኮ ጽፋ ሰጥታሃለች።»

«ሰጥታኛለች። ስለ ደም የሚል ነገር የለውም።» ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «እኔ መሽናት አላስቸገረኝ፤ ቀለለኝ አልቀለለኝ ምን አገባት?»

ወረቀቱን አነበብኩ። «ሽንት ይቀላል፤ ችግር የለውም» ይላል። ደግሜ አነበብኩ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «አባቴ አለ» ብሎ ጻፈና አስነሳኝ። «ለ»ን አላልቼ አነበብኩት። «ምን አለ አባትህ? እስቲ ንገረን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። በዓመቱ ትምህርት ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ የሚሆን ቃል ሳይ አልፌው አልሄድም።

«ይቀላል» አልኩት አላልቼ። «መቅለል አይደለም፣ መቅላት ነው። ቀይ ይሆናል ማለቷ ነው። የመድኃኒቱ ቀለም ነው የሚወጣው።»

«ስለ ወረቀቷ ስትሟገትላት ነው?»

«ለእሷስ አልሟገትም። ተነስ።»

ሽንት ቤት ወሰድኩት። ከቀትር በፊት ገና አልታጠበም ነበር። ሰድሩን አሳየሁት፣ ቦዩን አሳየሁት፣ ሰብስቤ ያልደፋኋቸውን ዕቃዎች በየቁጥራቸው ደርድሬ አሳየሁት። «ይህ ሁለት ቁጥር ነው፣ ሊወጣ ሦስት ቀን የቀረው። ይህ ያ ወፍራሙ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ደም ቢሆን ሰውዬው እስካሁን እንደ ደረቀ ቅጠል ይሆን አልነበር?»

ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ተደግፎ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። «የዘጠኝ ቁጥሩ ከኔ የመጀመሪያ ቀን ይብሳል» አለ። ከዚያ አንድ ዕቃ በጣቱ አመለከተ። «ያ ውኃ የመሰለው የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ።»

እሑድ ጠዋት ዋጠ። ዋናዋ ነርስ ካለፈች በኋላ የላይኛውን ከንፈሩን ገልጦ አሳየኝ። ማታ ልወጣ ስል ዕቃውን አየሁት፤ ቀልቷል።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ሰኞ ሁለተኛው መድኃኒት ሲመጣ የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት የሞላው ይመስላቸዋል። መነገር አለበት። ወረቀቱ በኪሴ ነው። ቅዳሜም እሑድም ልሰጣት እችል ነበር፤ አልሰጠኋትም። ምን እንዳሰብኩ አልደብቅም። ሰኞ ዶክተሩ ሲዞር ነርሶቹም የራጅ ባለሙያውም ይከተሉታል። በእነሱ ፊት ወረቀቱን ለዶክተሩ እሰጣለሁ፤ የምለውንም አዘጋጅቻለሁ። ሌሊቱን ሁሉ እየደጋገምኩ አሳምሬዋለሁ።

ሰኞ ከሦስት ሰዓት በኋላ መጡ። የራጅ ባለሙያው ፊልሞቹን ታቅፏል። ዶክተሩ ሦስት ቁጥር ጋ ቆመ፤ ቀጥሎ አራት ነው። ዋናዋ ነርስ ቀድማ ወደ ልብስ ሰፊው ሄደች። አዲሱን የመድኃኒት ብልቃጥ ስሙ እንዳይታይ በመዳፏ ሸፍናዋለች። መጋረጃውን ሳበች፤ ጎንበስ ብላ የምትነግረውን እኔ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ አልሰማሁትም። ያን ያህል ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ እኔ ያሳመርኩትን ግን ዘጠኙም አልጋ ይሰማዋል።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ሲስተር፣ እርስዎን አንድ ጊዜ» አልኳት። «አሁን።»

የአንሶላ ክፍሉ በር ጋ መጣች። «በዙር ሰዓት?»

ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበች። «የእኔ ጽሑፍ ነው። ምን ሆነ?»

«እርስዎ አላልተው ጻፉት፤ እሱ አጥብቆ አነበበው።»

ጭምብሏ ሥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ስለ ትራሱ ነገርኳት፣ ስለ ሠላሳ ሦስቱ ክኒን፣ ደም ስለመሰለው፣ ትናንት ስለመዋጡ። አልጮኸችም። ብልቃጡን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ ወደ ዙሩ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ የአራት ቁጥር ሁለተኛው አይጀመርም» አለች። «የሳንባው ቆጠራ ከትናንት ይጀምራል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ወረቀት ላይ አሳስቼ ጽፌ ነው። ለብቻችን አስረዳሃለሁ።»

ዶክተሩ ካርዱን አገላበጠ፤ ቀኑን አስተካከለ። የራጅ ባለሙያው አልሳቀም። ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ሰፊው፣ «ሲስተር፣ እንግዲህ ከንፈሬንም ፈትሺ» ሲል ተሰማ።

ዙሩ ካለቀ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። የሌሎቹን ባለ ሁለት ካርድ ሰዎች ወረቀት ሰብስባ ይዛለች፤ እንደገና ልትጽፋቸው ነው።

«ዶክተሩ እዚያው ነበር» አለች። «ወረቀቱም በእጅህ ነበር። ለምን ለእሱ አልሰጠኸውም?»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። እውነትም ማወቅ ፈልጋለች። ባልዲዬን አነሳሁና ሄድኩ።