ቅርጫት ውስጥ የነበሩት

በቀለም ብሩሽ ስትጠርገው ከኮምፒውተሩ ሆድ የወጣው አቧራ እፍኝ ይሞላል። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናትና ማጎንበስ ስለከበዳት፣ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ያወጣላት አባቷ ነው። አሁን ከኋላዋ ቆሞ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ዘመድ እጆቹን አጣምሮ ያያል።

ነገ ጠዋት የአባቷ ማንቁርት ተቆርጦ ይወጣል። ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም፤ ከዚያ በኋላ ይህ ድምፅ የለም። ስለዚህ ጡረተኛው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ማይክሮፎን ፊት እየተቀመጠ፣ ለሚወለደው የልጅ ልጁ ተረት ሲቀዳ ሰንብቷል። የቀረው አንድ ተረት ነው። ኮምፒውተሩ ግን መቅጃውን ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ከተከፈተም በኋላ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። አስር ሰዓት ላይ ሆስፒታል መግባት አለባቸው፤ አሁን ሰባት ሆኗል።

«የቀዳኸውን በደንብ አስቀምጠሃል?» አለችው ሥራ ከመጀመሯ በፊት።

«ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል» አላት በሻከረ ድምፅ። ብዙ እንዳይናገር ታዟልና እሷም አላስለፈለፈችውም።

የቢሮዋ ሰዎች ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍባቸው ከባለሙያው አስቀድመው የሚጠሩት እሷን ነው። ማሽኑ ሲነሳ ሳይጠሩ አብረው የሚነሱ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች አገኘችና እንዳይነሱ ከለከለቻቸው። ማንም የማይጠቀምባቸውን አራገፈች። የተጣሉ ፋይሎች የሚገቡበትን ቅርጫት ባዶ አደረገች፤ «ሃያ ሦስት ፋይሎች ለዘለቄታው ይጥፉ?» ሲላት «አዎ» አለች፣ በተለቀቀው ቦታ ብዛት ደስ እያላት። ከዚያ ዲስኩ ላይ የተበታተነውን እያነሳ የሚደረድረውን ፕሮግራም አስጀመረች። እሱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ።

አጥፍታ ስታበራው በአንድ ደቂቃ ተነሳ።

«አየኸው? ጎረምሳ ሆነልህ» አለችው።

አባቷ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት እየጎተተ ወደ ቅርጫቱ ወሰደው፤ ከፈተው። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

«የት ሄዱ?»

«ምኖቹ?»

«ተረቶቹ ናቸዋ። እዚህ ውስጥ የነበሩት።»

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲለይ ኖሯል። በእነሱ መሥሪያ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ደብዳቤ ይጠፋል፤ ቅርጫት የገባ ግን ባለቤቱ እጅ የደረሰ ያህል ነው። እሷ ደግሞ ባለፈው ዓመት በሚያውቀው ቋንቋ ይሁንለት ብላ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው የቅርጫት ሥዕል ሥር የነበረውን ስም አጥፍታ «ቅርጫት» ብላ ጽፋለታለች። ቆሻሻ የሚለውን ቃል መጨመር ያኔ አስቀያሚ መስሎ ታይቷት ነበር።

ለቢሮዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች።

«ቅርጫቱን ብቻ ባዶ አድርገሽ ቢሆን መልሰን እናወጣቸው ነበር» አላት። «ዲስኩን አስደርድረሽዋል እንዴ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ በቦታቸው ላይ ሌላ ተጽፎበታል» አለ ሰውዬው። «እስኪ አምጪውና እሞክራለሁ» አላት፤ እንደማይሆን ከአባባሉ ገባት።

ስልኩን ስታስቀምጥ አባቷ ፊቷን እያየ ነበር። ምን እንደተባለ አልጠየቃትም። «አንቺ ምን አጠፋሽ» አላት። ቢቆጣት በወደደች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሃያ ሦስቱን ለመድገም ሰዓቱም ጉሮሮውም አይበቃም። አባቷ መቅጃውን ራሱ ከፈተው። ያ ሩብ ሰዓት ያስጠብቅ የነበረ ፕሮግራም፣ ጣቱን ከማንሳቱ ቀይ መብራቱን አበራ። ሰከንዶቹ መቁጠር ጀመሩ። አባቷ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ቆመ።

«በእነዚያ ሁሉ ላይ ‹የልጄ ልጅ› እያልኩ ነው የጀመርኩት» አለ በሹክሹክታ። «አንድ ብቻ ከሆነ ግን አድራሻው በደንብ ይጻፍ። ማን ልበለው?»

ስም አላወጡለትም። ባሏ ሲወለድ ይደረስበታል ብሎ፣ እሷም ጊዜ አለን ብላ አዘግይታው ነበር።

«ገና ነው አባዬ፤ አላወጣንለትም» አለች።

በመቅጃው መስኮት ላይ ድምፅ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር በእሷ ድምፅ ዘለለች፤ ከዚያ ተኝታ መሮጧን ቀጠለች። አባቷ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ስም እስክትሰጠው ይጠብቃታል።